ቁርኣንን ከሳይንስ ጋር ማንበብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሐረርና በድሬዳዋ ከደርስ (ከሃይማኖት ትምህርት) በኋላ፣ በትምህርት ቤት ግቢና በበርጫ ላይ ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

ቁርኣን የሳይንስ መጽሐፍ ነው?

አይደለም። ይህን ማለት ደግሞ ክብሩን አይነካም። 114 ሱራዎች ያሉት ይህ መጽሐፍ ራሱን የሚያስተዋውቀው መመሪያ ነኝ ብሎ ነው። ስለ ዝናብ፣ ስለ ፅንስ፣ ስለ ንብ፣ ስለ ከዋክብት የሚያነሳው ሰሚው አይቶ እንዲያስብና ከፍጥረቱ ወደ ፈጣሪው እንዲሻገር ነው። ኣሊ ዒምራን 3፥190 የሰማያትና የምድር አፈጣጠር፣ የሌሊትና የቀን መተካካት ለባለ አእምሮዎች ምልክት መሆኑን ይናገራል። ሰማዩ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ግን አይነግረንም፤ ያንን ለመለካት ዓይንና አእምሮ ተሰጥቶናል።

ስለዚህ «አንቀጹ ምን ይላል?» የሚለውን የሚመልሰው ተፍሲር (የቁርኣን ማብራሪያ) ነው፤ «ነገሩ እንዴት ይሠራል?» የሚለውን ደግሞ ምርምር። ጣጣው የሚጀምረው አንዱን በሌላው መሣሪያ ልመልስ ሲባል ነው።

የአማርኛውን ትርጉም ብቻ አንብቤ «ይህ አንቀጽ ከሳይንስ ጋር ይስማማል» ማለት እችላለሁ?

አይበቃም። ተርጓሚ አንድ የዐረብኛ ቃል ካሉት ፍቺዎች አንዱን መርጦ መጻፍ ግድ ይሆንበታል፤ የተቀሩት ፍቺዎች ከገጹ ይጠፋሉ። ስለ ፅንስ በሚናገሩት አንቀጾች ያለው «ዐለቃ» በአማርኛ የሚታወቀው «የረጋ ደም» ተብሎ ነው። ቃሉ ግን የተጣበቀ፣ የተንጠለጠለ ነገር ማለትም ነው፤ ለአልቅትም ይውላል። በአማርኛው ብቻ የሄደ ሰው «ፅንስ መቼ የረጋ ደም ሆኖ ያውቃል?» የሚል ክርክር ውስጥ ይገባል። ክርክሩ ግን ከአንቀጹ ጋር ሳይሆን ከተርጓሚው ምርጫ ጋር ነው።

አቡበከር አስ-ሲዲቅ (ረ.ዐ) በሱረቱ ዐበሰ 80፥31 ስላለው «አብ» ስለሚለው ቃል ሲጠየቁ፣ በአላህ መጽሐፍ ላይ የማላውቀውን ብናገር የትኛው ሰማይ ያጠልለኛል፣ የትኛውስ ምድር ይሸከመኛል ማለታቸው ተዘግቧል። ቃሉ የሣር ዓይነትን የሚመለከት ነበር። ለሣር እንዲህ ከተጠነቀቁ፣ ጋላክሲን ከአንቀጽ ጋር የሚያጋባ ሰው ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት መገመት አይከብድም።

አንድን አንቀጽ ከሳይንስ ግኝት ጋር ከማያያዜ በፊት ምን ምን ልሥራ?

መጀመሪያ አንቀጹን ብቻውን አትውሰዱት። ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ቢያንስ አምስት አምስት አንቀጾች አንብቡና ንግግሩ ለማን እንደሆነ፣ ስለ ዱንያ (ስለዚህ ዓለም) ነው ወይስ ስለ ቂያማ (ስለ ትንሣኤ ቀን) የሚለውን ለዩ። ብዙ ስህተት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በአር-ረሕማን 55፥37 ሰማይ ተሰንጥቆ እንደ ጽጌረዳ ቀይ ይሆናል የሚለውን ይዘው የኔቡላ (በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ፎቶግራፍ የሚለጥፉ አሉ። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ቂያማ ቀን ነው፤ የፎቶው ኔቡላ ግን ዛሬም በቴሌስኮፕ ይታያል።

ቀጥሎ ያው ቃል በሌሎች ሱራዎች እንዴት እንደገባ ፈልጉ፤ ቁርኣንን በቁርኣን መፍታት የተፍሲር የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ከዚያ ሐዲስና የሶሓባ (የነብዩ ባልደረቦች) ቃል ካለ ማየት፣ ከዚያ ቢያንስ ሦስት ተፍሲር ማነጻጸር ነው፦ አንድ በዘገባ ላይ የቆመ (እንደ ጠበሪ ወይም ኢብን ከሲር)፣ አንድ በክርክርና በአመክንዮ የሰፋ (እንደ ፈኽረዲን አር-ራዚ)፣ አንድ አጭር (እንደ ጀላለይን)። ሦስቱ ከተስማሙ መሬቱ ጠንካራ ነው። ከተለያዩ ግን አንቀጹ ከአንድ በላይ ፍቺ ይሸከማል ማለት ነውና «ሳይንስ አረጋገጠው» ለማለት አትቸኩሉ።

የሳይንሱን ወገንም እንደዚያው መመርመር ይገባል። ነገሩ በተደጋጋሚ የተለካ ሐቅ ነው ወይስ ገና የሚከራከሩበት መላምት? የውሃ ዑደት ሐቅ ነው። «ከእኛ አጽናፈ ዓለም ውጭ ሌሎች አጽናፈ ዓለማት አሉ» የሚለው ግን ማንም ያልለካው ሐሳብ ነው። ባልጸና ነገር ላይ አንቀጽ የሚያስር ሰው፣ ነገሩ ነገ ሲፈርስ አንቀጹም የፈረሰ እንዲመስል ያደርጋል።

የቀድሞ ዑለሞች በተፍሲር ውስጥ ሳይንስ ያስገቡ ነበር ወይስ ይህ የዘመናችን ነገር ነው?

ክርክሩ የቆየ ነው። አል-ገዛሊ (በ505 ሂጅራ የሞቱት) የዕውቀት ሁሉ ሥር በቁርኣን ውስጥ አለ ወደሚል አቅጣጫ ያዘነብላሉ። አር-ራዚ (606 ሂጅራ) በተፍሲራቸው የዘመናቸውን የሥነ ፈለክና የሕክምና ዕውቀት በስፋት አስገብተዋል። በተቃራኒው የአንደሉሱ አሽ-ሻጢቢ (790 ሂጅራ)፣ ቁርኣን የወረደው መጀመሪያ ለሰሙት ዐረቦች በሚገባ መንገድ ነውና እነሱ የማያውቁትን ሳይንስ አንቀጹ ላይ መጫን ልክ አይደለም ብለው ተከራክረዋል።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ጠንጣዊ ጀውሀሪ በሳይንስ የተሞላ 26 ቅጽ ተፍሲር አሳተሙ። «ኢዕጃዝ ዒልሚ» የሚባለው፣ ማለትም የቁርኣንን ተአምርነት በሳይንስ የማሳየት እንቅስቃሴ፣ የተስፋፋው ግን ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። የዛሬ ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ከዚያ የተቀዱ ናቸው። በእኛ ግምት የሻጢቢ ጥንቃቄ የዛሬውን ሰው ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ ራዚን ግን ለድፍረታቸው ማንበብ ያስደስታል።

ሳይንስ በእውነት ኢባዳችንን (አምልኳችንን) የሚያግዘው የት ላይ ነው?

ቁርኣን ራሱ ወደ ሒሳብ የሚልክበት ቦታ ላይ። ፀሐይና ጨረቃ በሒሳብ እንደሚሄዱ አር-ረሕማን 55፥5 ይናገራል፤ ወደ መስጂደል ሐራም እንድንዞር ደግሞ አል-በቀራ 2፥144 ያዛል። ከሐረር ሆኖ መካ ወደ ሰሜን፣ ከእውነተኛው ሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ትገኛለች። ከድሬዳዋ 9 ዲግሪ ያህል ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት በዓይን አይለይም።

ያለ ኮምፓስ ማረጋገጥ ለሚፈልግ፦ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል ከካዕባ አናት ላይ ትቆማለች፤ ግንቦት 20 ቀን ከቀኑ 6:18 እና ሐምሌ 9 ቀን ከቀኑ 6:27 ገደማ። ሳዑዲና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ስለሆኑ ማስተካከያ አያስፈልግም። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ደልዳላ መሬት ላይ ትከሉ፤ ቀጥ ማለቱን ክር ላይ ድንጋይ አስራችሁ በማንጠልጠል ለኩ። በሰዓቱ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይወድቃል። ከጥላው ጫፍ ወደ እንጨቱ ሥር የሚሰመረው መስመር ቂብላ (በሶላት የሚዞሩበት አቅጣጫ) ነው። ጥላው የወደቀበትን አቅጣጫ ቂብላ ብሎ መያዝ የተለመደ ስህተት ነው፤ በትክክል ተቃራኒው ነው። ሐምሌ ላይ ደመና ስለሚያስቸግር ግንቦትን ምረጡ። ያለፈባችሁ ከሆነ በፊተኛው ወይም በማግሥቱ ቀን በዚያው ሰዓት ብታደርጉት ስህተቱ እዚህ ግባ አይባልም።

የስልክ ቂብላ መተግበሪያ የሚያሳስተው ብዙውን ጊዜ ሒሳቡ ሳይሆን ኮምፓሱ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ብረት በበዛበት የኮንክሪት ወለል ላይ፣ ወይም ማግኔት ያለው ሽፋን ስልኩ ላይ እያለ ብዙ ዲግሪ ይስታል። ሽፋኑን አውልቁ፣ ወደ ግቢ ውጡ፣ ስልኩን በአየር ላይ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እያስያዛችሁ ጥቂት ጊዜ አዙሩ። በጁገል (በግንብ በታጠረው የሐረር ከተማ) ውስጥ ካሉት 82 መስጊዶች የአንዱ ሚሕራብ (ቂብላን የሚያሳየው የግድግዳ ጉድጓድ) ጥቂት ዲግሪ ቢለይ ደግሞ ጀመዓ አትረብሹ። በአካባቢያችን የሚሠራበት የሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ፈለግ) በቂብላ ጉዳይ ጠበቅ ቢልም፣ ሩቅ ላለ ሰው በሚቻለው ጥረት ያመነበት አቅጣጫ ይበቃዋል።

በአል-ከህፍ ስለ ዋሻው ሰዎች ቆይታ «ሦስት መቶ ዓመትና ዘጠኝ ጨመሩ» የሚለው የፀሐይና የጨረቃ ዘመን ልዩነት ነው?

ሒሳቡ ይገጥማል። የፀሐይ ዓመት 365.24 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354.37 ቀን ነው፤ 300 የፀሐይ ዓመት በጨረቃ ሲቆጠር 309 ዓመት ከጥቂት ወራት ይሆናል። ረመዳን በእኛ የቀን አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ክረምትና በጋውን የሚዞረውም በዚሁ ልዩነት ነው። ይህን ፍቺ የዘመናችን ሰባኪ ያመጣው አይደለም፤ በ774 ሂጅራ የሞቱት ኢብን ከሲር በየመቶው ዓመት የሦስት ዓመት ልዩነት መኖሩን ጽፈዋል።

ግን ሌላም ንባብ አለ። ከቀደሙት ሙፈሲሮች (የተፍሲር ሊቃውንት) መካከል ቀታዳ፣ ቁጥሩ የሰዎች አባባል ነው፤ ቀጣዩ አንቀጽ 18፥26 «የቆዩትን አላህ ያውቃል» የሚለውም ለዚያ ነው ብለዋል። ሒሳቡን ስታስተምሩ ይህንንም አብራችሁ ንገሩ።

ማር መድኃኒት ነው ይላል፤ ታዲያ ሐኪም ለምን ይከለክላል?

አን-ነሕል 16፥69 በማር ውስጥ ለሰዎች ፈውስ አለ ይላል። ሙፈሲሮች እዚህ ላይ የተለያዩት፣ ለሁሉም በሽታ ነው ወይስ ለአንዳንዱ የሚለው ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ለአንዳንዱ ነው ብለዋል፣ የአንቀጹ አነጋገርም ለዚያ ይመቻል። ማር ሳልን እንደሚያስታግስና ቁስል ላይ ጀርም እንዳያድግ እንደሚረዳ በሕክምናም ታይቷል።

ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃን ግን ጠብታም አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር ባልጠነከረ አንጀት ውስጥ በቅሎ ጡንቻ የሚያልፈሰፍስ መርዝ ያመነጫል። ለአራስ ልጅ ማር ማቅመስ በየቤቱ የተለመደ ስለሆነ ይህን ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ ልጅ ለማቅመስ ሱንናው ቴምር አላምጦ ላንቃውን ማሸት ነው። የስኳር ሕመምተኛም ማርን እንደ ስኳር መቁጠር አለበት። ጥቁር አዝሙድ ፈውስ ነው የሚለው ንግግር ደግሞ የሐዲስ እንጂ የቁርኣን አይደለም፤ ሁለቱን አታደባልቁ። «ታከሙ» የሚለው ሐዲስም እዚያው አለ፤ የደም ግፊት ኪኒን ጥሎ በአዝሙድ ብቻ የሚቀመጥ ሰው ሐዲሱን ግማሹን ነው የያዘው።

ሐሪማ (የደርስ ቤት) ውስጥ በጀላለይን «ምድር ጠፍጣፋ ናት» የሚል አለ ይባላል፤ እውነት ነው?

አዎ፤ ሱረቱል ጋሺያ 88፥20 ላይ አለ። በእኛ አገር ደረሳ (የሃይማኖት ተማሪ) ሁሉ የሚያልፍበት ተፍሲር ስለሆነ ጥያቄው በየጊዜው ይነሳል። ጽሑፉ እንደሚለው «ተዘረጋች» የሚለው ላይ ላዩን ሲታይ ምድር ዝርግ መሆኗን ያመለክታል፤ የሸሪዓ ዑለሞችም በዚህ ላይ ናቸው፤ የሥነ ፈለክ ሰዎች እንደሚሉት ክብ አይደለችም፤ ክብ ብትሆንም የሸሪዓን መሠረት አያፈርስም። የመጨረሻዋን ሐረግ ልብ በሉ፤ ጸሐፊው ራሳቸው ጉዳዩ የእምነት ጉዳይ እንዳልሆነ እየተናገሩ ነው።

«የሸሪዓ ዑለሞች በዚህ ላይ ናቸው» የሚለውን ግን ሌሎች አይቀበሉትም። ከጀላለይን አራት መቶ ዓመት ቀደም ብለው ኢብን ሐዝም (456 ሂጅራ) ከሙስሊም ኢማሞች የምድርን ክብነት የካደ የለም ብለው ጽፈዋል፤ አዝ-ዙመር 39፥5 ሌሊትን በቀን ላይ ይጠቀልላል የሚለውንም በማስረጃነት አንስተዋል። ኢብን ተይሚያም በዚህ ላይ የዑለሞች ስምምነት መኖሩን ዘግበዋል። ራዚም ክብነቷን ተቀብለው፣ በጣም ትልቅ ክብ ነገር ላይ የቆመ ሰው እያንዳንዱን ቁራጭ ዝርግ አድርጎ እንደሚያየው አስረድተዋል። አንቀጹ «አይመለከቱምን?» ብሎ የሚጠይቀው ግመልን፣ ሰማይን፣ ተራራንና ምድርን በዓይኑ ለሚያይ መንገደኛ ነው። ከደንገጎ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ሜዳ ለሚመለከት ሰው ምድር የተዘረጋች ናት፤ ይህ ስለ ጠቅላላ ቅርጿ የተሰጠ መግለጫ አይደለም።

ካቢሩ (መምህሩ) ይህን ቦታ ሲያስተምሩ ሦስቱን አስተያየቶች ጎን ለጎን ቢያነቡ ይበጃል። ዝም ብሎ ማለፍ ደረሳውን ነገ ስልኩ ላይ ለሚያገኘው ፌዝ ያለ ስንቅ መላክ ነው።

አል-አንቢያ 21፥30 ስለ ቢግ ባንግ ነው?

ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ይፈቀዳል፤ ነው ብሎ መማል ግን ልክ አይደለም። አንቀጹ ሰማያትና ምድር የተጣበቁ ነበሩ፤ ለያየናቸው፤ ሕይወት ያለውን ነገር ሁሉ ከውሃ አደረግን ይላል። ከነብዩ ባልደረባ ከኢብን ዐባስ ከተዘገቡት ፍቺዎች አንዱ፣ ሰማይ ዝናብ አያዘንብም ነበር፣ ምድርም አታበቅልም ነበር፤ ሰማይ በዝናብ፣ ምድር በቡቃያ ተከፈቱ የሚል ነው። ወዲያው ውሃ መከተሉ ይህን ፍቺ ያጠናክረዋል፤ ለምሥራቅ ሐረርጌ ገበሬም ከጋላክሲው ይልቅ ይኼኛው ይቀርበዋል። ሌሎች ደግሞ በእርግጥ አንድ አካል ነበሩ ብለዋል።

የሳይንሱም ወገን እንደሚወራው አይገጥምም። አጽናፈ ዓለም 13.8 ቢሊዮን፣ ምድር ግን 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው፤ በቢግ ባንግ ጊዜ ከሰማይ ጋር የተጣበቀች ምድር አልነበረችም። አዝ-ዛሪያት 51፥47 «ሙሲዑን» የሚለውንም ብዙዎች «አስፊዎች ነን» ብለው ከአጽናፈ ዓለም መስፋት ጋር ያያይዙታል። የቀደሙት «ሰፊ አደረግነው» ወይም «ቻዮች ነን» ብለው ፈትተውታል። ቋንቋው ሦስቱንም ይሸከማል። ግን አስቡት፤ ኤድዊን ሀብል የጋላክሲዎችን መራራቅ በ1929 (እ.ኤ.አ.) ከማሳየቱ በፊት አብዛኛው ፊዚሲስት አጽናፈ ዓለም አይሰፋም አይጠብም ይል ነበር። በ1920 አንድ ሰባኪ «ቁርኣን የማይንቀሳቀስ ሰማይን አስቀድሞ ተናገረ» ብሎ መጽሐፍ ቢያሳትም ኖሮ፣ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ምን ሊል ነበር?

የፅንስ ደረጃዎችስ? ይኼኛው ግልጽ ተአምር አይደለም?

አል-ሙእሚኑን 23፥12-14 ጠብታ፣ ዐለቃ፣ የታኘከ ሥጋ መሳይ፣ አጥንት፣ ከዚያ ሥጋ ማልበስ እያለ ይደረድራል። በመጀመሪያ ሳምንታት ፅንሱ ከማሕፀን ግድግዳ ጋር መጣበቁ፣ በአራተኛው ሳምንት ጀርባው ላይ ጥርስ ያረፈበት የሚመስል ተርታ መውጣቱ በእርግጥም ከቃላቱ ጋር ይቀራረባል። ይህን መናገር ነውር የለውም።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ሁለት ነገሮች አሉ። ፅንስ በደረጃ ያድጋል የሚለው ሐሳብ ከቁርኣን በፊት በግሪኩ ሐኪም ጋሌን ተጽፏልና «ማንም አያውቅም ነበር» የሚለው ክርክር አይቆምም። ሁለተኛ፣ በሥነ ፅንስ ትምህርት የአጥንትና የጡንቻ መነሻዎች ጎን ለጎን ያድጋሉ፤ አጥንት ሙሉ በሙሉ አልቆ ሥጋ በኋላ አይለጠፍም። አንቀጹን እንደ ላቦራቶሪ ሰሌዳ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። የሱራው መልእክት ግን ሁለት አንቀጽ ወረድ ብሎ 23፥16 ላይ አለ፦ እንዲህ የፈጠራችሁ ዳግም ይቀሰቅሳችኋል።

ሁለት ባሕር የማይደባለቁበት ቪዲዮ፣ ከሰማይ የወረደ ብረት፣ ችካል የሆኑ ተራሮችስ?

በቪዲዮው የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የአላስካ ባሕረ ሰላጤ ነው። የበረዶ ወንዞች ይዘውት የሚመጡት ደለል ውሃውን ስለሚያነጣው ድንበር ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ይደባለቃል። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ከጅቡቲ ማዶ ያለው ባብ ኤል መንደብ ነው። ቀይ ባሕር ጨዋማነቱ ከሺህ 40 ያህል፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤ 36 ያህል ነው። ከባዱ የቀይ ባሕር ውሃ በሥር፣ ቀላሉ በላይ ይተላለፋሉ፤ ቀስ እያሉም ይቀላቀላሉ። አል-ፉርቃን 25፥53 ደግሞ በግልጽ የሚያወራው ስለ ጣፋጭና ስለ ጨው ውሃ ነው።

ብረት «አወረድን» ተብሏል (57፥25)። ብረት በከዋክብት ውስጥ መሠራቱ እውነት ነው፤ ግን በዚያው ግሥ ከብቶችም (39፥6) ልብስም (7፥26) «ወርደዋል»፤ ከሰማይ የወደቀ በሬ ደግሞ አላየንም። ስለ ተራሮች፣ ወደ ታች የሚዘልቅ ሥር እንዳላቸው ተረጋግጧል። «ተራራ ስላለ መሬት አይንቀጠቀጥም» የሚለው ግን ስምጥ ሸለቆ ጫፍ ላይ ለተቀመጠ የድሬዳዋ ሰው የሚነገር አይደለም።

ጎርፍና ድርቅ ቅጣት ናቸው ወይስ የተፈጥሮ ጉዳይ?

በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ይህ ጥያቄ በየቤቱ ተነስቶ ነበር። ምክንያቱ ይታወቃል፦ ከተማዋ ካለችበት 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ በላይ ባለው ደጋ ላይ ከባድ ዝናብ ወረደ፤ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ደኑ ተመንጥሯል፤ ደረቅ በሚመስለው የአሸዋ ወንዝ ዳርቻ ቤት ተሠርቷል። ምክንያቱን ማወቅ የአላህን ውሳኔ መካድ አይደለም፤ ምክንያቶቹም የእሱ ሥርዓት ናቸው። የነብዩ (ሶ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች በሞቱ ነው አሉ፤ እሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት አይጋረዱም ብለው አረሙ። የሞቱትን ስም ጠርቶ «በኃጢአታቸው ነው» ማለት በዕውቀት ላይ ያልቆመ ንግግር ነው፤ ከጎርፉ ከሞቱት ውስጥ ሕፃናት ነበሩ።

አል-ሙልክ 67፥30 ውሃችሁ ወደ ምድር ቢሰርግ ማን ያመጣላችኋል ብሎ ይጠይቃል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ፣ ከዚያ ይጠጣ የነበረው የሐረር ሰው ጥያቄውን በባዶ ጀሪካን ሰምቶታል። ለጫትና ለአትክልት የሚስብ ፓምፕ፣ ለከተማ የሚወሰደው ውሃ፣ ከተራቆተ ኮረብታ የሚወርድ ደለልና ትነት ተደማምረው ነው ያደረቁት። ሐይቁ ከዓመታት በኋላ ውሃ መልሶ ይዟል፤ ፓምፖቹም አሉ። አል-ሙእሚኑን 23፥18 ውሃን «በልክ» አወረድን ይላል። ኹጥባ ላይ ይህ አንቀጽ ሲነበብ ስለ እርከንና ስለ ፓምፕ ሰዓት ጨምሮ መናገር ከየትኛውም የጠፈር ፎቶ የተሻለ ተፍሲር ይመስለናል።

የቁጥር ተአምር የሚባለውስ? ቁርኣን በ19 ስሌት የተገነባ ነው፣ ወይም «ቀን» የሚለው ቃል 365 ጊዜ ተጠቅሷል የሚሉት?

ራቁ። የ19ኙን ስሌት ያስፋፋው ራሻድ ኸሊፋ ቁጥሩ አልገጥም ሲለው የአት-ተውባን ሁለት የመጨረሻ አንቀጾች (9፥128-129) የቁርኣን አይደሉም እስከ ማለት ደረሰ። ስሌት አንቀጽ ካስቆረጠ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

365ቱም የሚወጣው የሚፈለጉትን ቅርጾች ቆጥሮ እንደ «የውመኢዚን» («በዚያ ቀን») ያሉትን በመተው ነው። የአንቀጾቹ ድምር ራሱ በኩፋ አቆጣጠር 6236፣ በመዲና 6214፣ በበስራ 6204 ነው፤ ልዩነቱ በቃላቱ ላይ ሳይሆን አንቀጽ የት ያበቃል በሚለው ነው። ደግሞስ የእስልምና ዓመት 354 ቀን ሆኖ ሳለ 365 ለምን ተአምር ይሆናል?

ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃ ላይ አዛን ሰምቶ ሰለመ፤ ናሳ የተሰነጠቀ ጨረቃ ፎቶ አለው ይላሉ።

ሁለቱም ውሸት ናቸው። አርምስትሮንግ በሕይወት ሳለ አስተባብሏል። ፎቶው ከጨረቃ ገጽ ሸለቆዎች አንዱን፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ያሳያል፤ ጨረቃን አይዞራትም። በአል-ቀመር 54፥1 የተጠቀሰውን ተአምር የሚያምን በሐዲሱ ያምናል፤ የሐሰት ፎቶ ለእምነቱ ምንም አይጨምርለትም። አል-ኢስራእ 17፥36 የማታውቀውን አትከተል ይላል። «ሼር» ማድረግም መከተል ነው።

አንቀጽና ሳይንስ የሚጋጩ ሲመስሉስ? ለምሳሌ ፀሐይ በጭቃማ ምንጭ ውስጥ ስትጠልቅ (18፥86)

መለኪያው የቆየ ነው፦ ሁለቱም የጸኑ (ቀጥዒይ) ከሆኑ አይጋጩም፤ የተጋጩ ከመሰሉ አንዱ የእኛ ግምት (ዞንኒይ) ነው፤ ግምቱ ለጸናው ይለቃል። ብዙውን ጊዜ ግምቱ ያለው አንቀጹ ላይ ሳይሆን ከአንቀጹ በተረዳነው ላይ ነው። በዙልቀርነይን (በሱራው በተተረከው ተጓዥ ንጉሥ) ታሪክ አንቀጹ «አገኛት» የሚለው እሱ ያየውን ሲተርክ ነው። ኢብን ከሲር ባሕር ዳር የቆመ ሁሉ እንደሚያየው ነው ብለዋል፤ ራዚ ደግሞ ፀሐይ ከምድር ብዙ እጥፍ ትበልጣለችና በምድር ምንጭ ውስጥ ልትገባ አትችልም ብለው በቀጥታ ጽፈዋል፤ ቴሌስኮፕ ከመሠራቱ 400 ዓመት በፊት።

ሁሉም ግን እንዲህ አይቀልም። አጥ-ጣሪቅ 86፥7 ከጀርባና ከደረት አጥንቶች መካከል ስለሚወጣ ውሃ ሲናገር ሙፈሲሮች ብዙ ተለያይተዋል፤ ዘመናዊ ማስታረቂያዎቹም አብዛኞቹ የተጎተቱ ናቸው። እዚያ ላይ «አላህ ያውቃል» ብሎ መቆም የዐሊም ወግ ነው፤ ኣሊ ዒምራን 3፥7 ራሱ ግልጽ የሆኑና ተመሳሳይ የሆኑ አንቀጾች እንዳሉ ነግሮናል። ገዛሊም ስለ ግርዶሽ ሲጽፉ፣ በስሌት የተረጋገጠን ነገር በሃይማኖት ስም የሚክድ ሰው ሃይማኖቱን ይጎዳል ብለዋል።

ልጄ በባዮሎጂ ኢቮሉሽን ይማራል፤ ፈተና ላይ ምን ይጻፍ?

ቲዎሪው የሚለውን በትክክል ይጻፍ። «በቲዎሪው መሠረት» ብሎ ማብራራት የእምነት ቃል መስጠት አይደለም፤ የአንድን መዝሀብ አቋም ለፈተና እንደመጻፍ ነው። ልጁ ቲዎሪውን በደንብ ካልተረዳው በኋላ ሊከራከርበትም አይችልም። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚለው የሰፈር አባባልም የቲዎሪው አይደለም፤ ቲዎሪው የሚለው ሁለቱ የጋራ ጥንታዊ ዘር አላቸው ነው።

በቤት ውስጥ ሦስት ነገር ለያይታችሁ ንገሩት። የባክቴሪያ መድኃኒት መላመድ፣ የዘር ማሻሻል፣ በዝርያ ውስጥ ያለ ለውጥ የሚታይና የሚለካ ነው፤ ከቁርኣን ጋር ጠብ የለውም። የእንስሳትና የዕፅዋት ረጅም ታሪክን በተመለከተ አን-ኑር 24፥45 ተንቀሳቃሽን ሁሉ ከውሃ ፈጠረ ብሎ ያልፋል፤ እንዴት የሚለውን ዝርዝር አልሰጠም፤ በዚህ ላይ ዝምታን የመረጡ የዘመናችን ዑለሞች አሉ። በኣደም (ዐ.ሰ) ጉዳይ ግን አብዛኞቹ ዑለሞች ከአፈር በቀጥታ ተፈጠረ (3፥59፣ 15፥26) በሚለው ጸንተዋል፤ ይህ ከቲዎሪው ጋር የሚለያዩበት ትክክለኛው ነጥብ ነው። ልጁ ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ በጣቱ ማሳየት ከቻለ መምህሩንም ኡስታዙንም ሳይፈራ መጠየቅ ይችላል፤ ሁለቱም «አላውቅም፣ አጣርቼ እመጣለሁ» ቢሉት ቅር አይበለው።